ችግኙ ቤት ግንቦት 30 ይዘጋል፤ ከዚያ የወሰዳችሁት ተክል ካለ እዚህ ጻፉልኝ

የቀሃ ልጅ ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

እንዴት አመሻችሁ ጎንደሬዎች።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ እንደ ልማዴ ወደ ችግኙ ቤት ጎራ አልኩ። በሩ ላይ በካርቶን የተጻፈ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፦ «እስከ ግንቦት 30 ብቻ ነን። ችግኝ በግማሽ ዋጋ። እግዜር ይስጥልን።» ሌላ ነገር የለውም። ገባሁ። ቤቱን የያዙት እትዬ ከወይራው ሥር ተቀምጠው ባዶ የችግኝ ከረጢት እየቆጠሩ በሃያ በሃያ ያስራሉ። «እውነት ነው እትዬ?» ስላቸው ቀና ብለው «እውነት ነው ልጄ፤ ተቀመጪ፣ ቡናው ሊደርስ ነው» አሉኝና ወደ ቆጠራቸው ተመለሱ። ተቀመጥኩ። የምለው ጠፋኝ።

ቦታውን ለማታውቁት፣ ታፔላ ኖሮት አያውቅም። ከፒያሳ ወደ ቀሃ ስትወርዱ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው፤ ቡገንቪሊያው ከአጥሩ በላይ ገንፍሎ ስለሚወጣ ማንም አይስተውም። ከፊት አምስት ጠረጴዛና ረከቦት፣ ከጀርባ ቁልቁል የተደረደሩ የችግኝ መደቦች። ቡና ሲቀርብላችሁ ጤና አዳሙ ተቀጥፎ አይመጣም። ከጠረጴዛችሁ ጎን ከበቀለው አንድ ዘለላ ራሳችሁ ቀጥፋችሁ ሲኒው ውስጥ ትነክራላችሁ። ጣታችሁ ላይ የሚቀረው ሽታ እስከ ማታ አይለቅም። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ላይ አለ።

ለምን ይህን ያህል እንደከፋኝ ልንገራችሁ። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ለወራት ከቤት አልወጣ አለች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እንኳ ተሸፋፍና ሄዳ ተሸፋፍና ትመለስ ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እጇን ይዤ ችግኙ ቤት አስገባኋት። ቡናዋን ሳትጨርስ ተነስታ በመደቦቹ መሃል መዞር ጀመረች። አትክልተኛው፣ ሁላችንም አያ የምንላቸው፣ ከኋላዋ ዝም ብለው ሲከተሉ ቆይተው አንዲት የሮማን ችግኝ ከነከረጢቷ አንስተው ሰጧት። ዋጋዋን ስትጠይቅ «ሥር ከያዘች ይከፍሉኛል፤ ካልያዘች ዕዳ የለብዎትም» አሏት። በማግስቱ እናቴን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጓሮ ውስጥ በጣሳ ውሃ ስታጠጣ አገኘኋት። ከአልጋዋ እስከ አራት ሰዓት የማትነሳ የነበረች ሴት ናት። ሮማኗ ዛሬ የጣሪያውን ክዳን አልፋለች፤ አምና 11 ፍሬ ሰጠችን።

ቤቱ እንዳይዘጋ ማድረግ አንችልም። እትዬ ቁርጡን ነግረውኛል። ግን ከዚያ ግቢ የወጣ ተክል በየቤታችን አለ። ምን እንደወሰዳችሁ፣ የት እንደተከላችሁት፣ ጸድቆ እንደሆነ እባካችሁ ጻፉልኝ። ግቢው ሲመነጠር እናት ዛፎቹ አብረው ይሄዳሉ፤ ዘሩ የሚቀረው እኛ ዘንድ ነው።

የማራኪው ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡58

ምን አልሽ? ቅዳሜ እኮ እዚያ ነበርኩ፣ ማንም ምንም አላለኝም። በጣም አዘንኩ። ሁለት ጽጌረዳና አንድ ኮክ ወስጃለሁ። ኮኩ ደርቋል፣ ጽጌረዳዎቹ ደህና ናቸው።

ሐኪሙ ተጓዥ ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ስማር ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ የማጠናው እዚያ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ሲሞላ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ዶርም ውስጥ ጫጫታ ሲበዛ መጽሐፌን ታቅፌ ወደ ችግኙ ቤት እወርዳለሁ። እትዬ የጥግ ጠረጴዛዋን ለተማሪ ነበር የሚይዟት። ሌላ እንግዳ ሲቀመጥባት «እዚያኛው ይሻልዎታል፣ እዚህ ፀሐይ ነው» ብለው ያስነሱታል።

አያ ሐኪም ልሆን እንደምማር ካወቁ በኋላ በየቀኑ አንድ ቅጠል አምጥተው መጽሐፌ ላይ ያስቀምጡ ነበር። «ይህን ታውቀዋለህ?» ዳማ ከሴ። «ይህንንስ?» ግራዋ። ለምን እንደሚጠቀሙበት፣ ማን እንደሚጠቀምበት፣ የትኛው ሲበዛ እንደሚጎዳ ይነግሩኛል። ያን ጊዜ ከፈተናዬ ጋር ምን አገናኘው እል ነበር። ዛሬ ተረኛ ሆኜ ታማሚ ሲመጣልኝ «እቤት ምን ወሰዱ?» ብዬ መጠየቅ የለመድኩት ከሳቸው ነው። ሰው ሆስፒታል ከመምጣቱ በፊት ጓሮው ሄዶ ነው የሚመጣው፤ ካልጠየቅከው አይነግርህም።

ስመረቅ አያ አንድ የሎሚ ችግኝ ሰጡኝ። ሻንጣ ይዤ አውቶቡስ ላይ የት አደርገዋለሁ? ማራኪ ሰፈር ተከራይቼባት ለነበረች እናት ትቼላት ወጣሁ። ይኑር ይሙት አላውቅም። ይህን መጻፍ ያሳፍራል ግን እውነቱ ይህ ነው።

ነጋዴው ፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20

እኔም አዝኛለሁ፤ ቤቱን ከተከፈተ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በንግድ ዓይን ያየሁትን ልናገር፣ ማንንም ለማስቀየም አይደለም። በአምስት ጠረጴዛ ላይ በአንድ ሲኒ ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ ደንበኛ ይዞ የቦታ ኪራይ አይከፈልም። እኔ ራሴ እንደዚያ ስቀመጥ ኖሬያለሁ።

ችግኙስ? ከ2011 ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ጽዱም ግራቪሊያውም በነጻ ይታደላል። ዘመቻውን አልነቅፍም፣ ሄጄም ተክያለሁ። ግን አንድ የግል ችግኝ አፍይ ጽድን ዓመት ከምናምን ውሃ አጠጥቶ አሳድጎ በነጻ ከሚታደለው ጋር በምን ዋጋ ይወዳደር? ከገጠር የሚመጣው ገዢ ደግሞ የሚጠይቀው ባሕር ዛፍ ነው። አምስት ዓመት ጠብቆ አጠና ይሸጣል። አልፈርድበትም፣ ልጅ የሚያስተምርበት እሱ ነው። አያ ግን «ውሃዬን ለባሕር ዛፍ አላጠጣም» ብለው ነው የኖሩት፤ እትዬም አላስገደዷቸውም። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ስንት ገዢ ከበራቸው ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው ውሃው ነበር። አንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ ከተማው ውሃ በፈረቃ መጠጣት ከለመደ ስንት ዘመኑ። ቧንቧው ሲጠፋ እትዬ በቦቴ ያስመጣሉ። አንድ ሮቶ ሲሞላ የከፈሉትን አይቼ ይህን በስንት ሲኒ ይመልሱታል ብዬ በልቤ አስቤአለሁ። ከረጢት ውስጥ ያለ ችግኝ እኮ በመጋቢት ፀሐይ ሁለት ሦስት ቀን ካልጠጣ አለቀለት። ሱቅ ቢሆን ቆልፈህ ትሄዳለህ።

የቀሃ ልጅ ፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡55

ነጋዴው፣ አልተቀየምኩም፤ ያልከው ልክ ነው። እኔም በአንድ ሲኒ የተቀመጥኩበትን ቀን ብቆጥረው አልጨርሰውም። እትዬ ግን አንድም ቀን ሲኒውን ቀድመው አንስተውብን አያውቁም። አሁን ያ ሲኒ ዕዳ ሆኖ ይሰማኛል።

ደን ባለሙያ ፦ ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡30

በችግኝ ጣቢያ ሥራ ረጅም ዘመን ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። «ዘሩ እኛ ዘንድ ይቀራል» የተባለው ለሁሉም ተክል አይሠራም፤ ልዩነቱን ካላወቅን ደክመን ባዶ እጃችንን እንቀራለን።

አቮካዶ የወሰዳችሁ ፍሬውን ዘርታችሁ ያንኑ አቮካዶ አትጠብቁ። ከፍሬ የበቀለ እናቱን አይመስልም፤ ለማፍራትም ስድስት ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። አያ የሚሸጡት የተዳቀለውን ነው፤ ከታች የአገሩ ሥር፣ ከላይ ሀስ የሚባለው ዝርያ። ግንዱን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብላችሁ ብታዩት የተጋጠመበት ጠባሳ አለው። ያንን ዛፍ ለማትረፍ ከጫፉ ቀንበጥ ቆርጦ፣ ቅጠሉን አራግፎ፣ በእርጥብ ወረቀትና በፕላስቲክ ጠቅልሎ በጥቂት ቀን ውስጥ ሌላ ሥር ላይ ማዳቀል ነው። ቢላዋውና ላስቲኩ አለኝ፤ ሥሩን የሚያቀርብ ሰው ይገኝ።

ሮማን፣ ጽጌረዳ፣ በለስና ቡገንቪሊያ ቀላል ናቸው። እርሳስ የሚያህል የጠነከረ እንጨት፣ አንድ ስንዝር ያህል፣ ሦስት አራት አንጓ ያለው ቁረጡ። የታችኛውን ጫፍ ከአንጓው ሥር ቀጥ አድርጋችሁ፣ የላይኛውን ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ስትተክሉ እንዳይገለበጥባችሁ ምልክት ይሆናል። ሁለት እጁን አፈር ውስጥ ቅበሩት፣ አንድ እጁ ከላይ ይቅር። ጥላ ሥር አድርጉት። ቅጠል ስላወጣ ሥር ይዟል ብላችሁ አትሳቱ፤ መጀመሪያ የሚያወጣው በራሱ ስንቅ ነው። ጎትታችሁም አትሞክሩት።

የሚያሳስበኝ የአገር ዛፎቹ ናቸው። የዝግባ ዘር አፈር ውስጥ ገብቶ ብዙ ወር ዝም ይላል፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው ሞቷል ብሎ መደቡን ይገለብጠዋል። ወይራ ደግሞ ቅርፊቱ ድንጋይ ነው፣ ካልተሰነጠቀ በቶሎ አይበቅልም። አያ ወይራ ሲሰነጥቁ ያየሁበት ቀን አይረሳኝም። ፍሬውን ለቅመው ሥጋውን በአሸዋ አሽተው ያጥቡታል። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጠው ጠፍጣፋ ድንጋይ በጉልበታቸው መሃል ያደርጉና አንድ በአንድ ዘሩን አቁመው በትንሽ ጠጠር ጫፉን ብቻ ነካ። ቆሎ ሲቆረጠም ያለ ድምፅ ይሰማል። ቅርፊቱ ይከፈታል፣ ውስጡ አይነካም። እኛ ጣቢያ ውስጥ በመዶሻ ሞክረን ከግማሽ በላይ አድቅቀነዋል። ከሳቸው ዘንቢል ውስጥ የተበላሸ ፈልጌ ሁለት ብቻ አገኘሁ።

በሩ ላይ ያለችው ኮሶ ሴቴ ናት። የኮሶ ወንዴና ሴቴ በተለያየ ዛፍ ላይ ነው የሚያብቡት። ዘሯን ብትሰበስቡ በአቅራቢያ ወንዴ ከሌለ ፍሬው ባዶ ነው። ወንዴው የማን ግቢ እንዳለ የሚያውቁት አያ ናቸው። ሳይሄዱ ጠይቋቸውና ጻፉት፤ የምለምናችሁ ይህን ነው።

የፋሲል በር አስጎብኚ ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

ከግንቡ ጉብኝት በኋላ እንግዶቼን የማሳርፈው እዚያ ነበር። ጥቂት የምናገረው አለኝ።

የፋሲል ግንብ በዩኔስኮ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ሁሉም የሚመጣው ድንጋዩን ለማየት ነው። እኔ ግን የጎንደርን ነገር ያለ ዛፍ ማስረዳት አልችልም። የፋሲል መዋኛን ግድግዳ አቅፎ የያዘውን ሥር ያየ ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ውስጥ ስትገቡ ከጣሪያው መላእክት በፊት የሚቀበላችሁ የጽዱ ሽታ ነው። ጃን ተከል ዋርካም አለ።

ችግኙ ቤት ውስጥ ከመጸዳጃው አጠገብ አንድ ዋጊኖስ አለ። ብዙዎቻችሁ አልፋችሁት ሄዳችኋል። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለዚህ ተክል ለተቅማጥ መድኃኒትነቱ ጽፎ ወደ አውሮፓ አስተዋወቀው፤ የሳይንስ ስሙም ብሩሲያ የተባለው በእሱ ነው። ይህን ታሪክ ለእንግዶቼ የምነግረው እዚያው ተክሉ ሥር አቁሜ ነበር። ቅጠሉን ይነካሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ከዚያ ቡና ይጠጣሉ። አያ ስለ ብሩስ ከኔ ሲሰሙ «እኛ ድሮም እናውቀው ነበር፤ እሱ ከማን ሰማ አትልም?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ይህንንም ጨምሬ ነው የምናገረው።

ኮሮና መጣ፣ ጦርነቱ ተከተለ፣ እንግዳ ጠፋ። እኛ አስጎብኚዎች ሥራ ፈትተን ጠዋት ጠዋት እዚያ እንሰበሰብ ነበር። እትዬ ሒሳብ አይጠይቁንም። አንድ ቀን ለመክፈል ኪሴን ስዳብስ አይተው «እንግዳ ሲመጣ ይዘህልኝ ትመጣለህ፤ እሱ ነው ሒሳቡ» አሉኝ። ያልኳቸውን ያህል እንግዳ ሳላመጣላቸው ቤቱ ሊዘጋ ነው። አንድ ጌሾና አንድ ቡና ከሳቸው ወስጃለሁ፤ ሁለቱም ጸድቀዋል።

የአዘዞዋ ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡05

እኔ ግቢ የለኝም፤ ተከራይቼ ነው የምኖረው። አያን «የምተክልበት መሬት የለኝም» ስላቸው «ጣሳ የለሽም?» አሉኝ። በባዶ የዘይት ጣሳ ጀመርኩ። ከሥሩ በምስማር አምስት ቦታ መብሳት፣ ከታች ጠጠር፣ ከዚያ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል ብለው እጄን ይዘው ክምሩ ውስጥ አስገቡኝ፤ ካላፈላ፣ ከቀዘቀዘ፣ ሽታውም የአፈር ከሆነ በስሏል። በመጽሐፍ ባነበው ኖሮ እንዲህ አይገባኝም ነበር።

ዛሬ ደረጃው ላይ 30 ጣሳ አለኝ። በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ ጠጅ ሳር። ለበዓል ሰሞን በሶብላ ለጎረቤት እሸጣለሁ፤ የልጄ የደብተር ወጪ ከዚያ ይወጣል። መጀመሪያ የወሰድኩትን ችግኝ ሒሳብ ግን እስካሁን አልከፈልኩም። «ሥር ሲይዝ» ብለውኝ ነበር፤ ሥር ከያዘ ሰባት ዓመቱ ነው።

ወጣቱ ፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ለምን ገንዘብ አናዋጣም? ከዚህ የሚጽፈው ሰው ብቻ ትንሽ ትንሽ ቢያወጣ የዓመት ኪራይ ይሞላል። ውጭ አገር ያሉም አሉ። ዝም ብሎ ማዘን ምን ያደርጋል?

የእህት ልጅ ፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡45

የእትዬ የእህት ልጅ ነኝ። ጽሑፋችሁን ትናንት ማታ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስለ ሲኒው ያላችሁትን ሲሰሙ «ተቀምጠው ስላሞቁልኝ ነው ሌላ ሰው የገባው፤ ማን ክፈሉ አላቸው» ብለዋል። ይህን ንገሪልኝ ስላሉኝ ነው መጀመሪያ የጻፍኩት።

በከተማው የሚወራው ስህተት ስለሆነ ላስተካክል። መንገድ አልነካውም፣ ማንም አላስነሳንም። የቦታው ባለቤት አርፈው ልጆቻቸው ውርሱን ሊካፈሉ ነው። ለአሥራ አምስት ዓመት ኪራይ ሳይጨምሩብን የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ አሁንም ክረምቱ ሳይገባ ችግኛችሁን ሽጡ ብለው ጊዜ ሰጡን። ሌላ ቦታ እንፈልግ ብዬ እትዬን ለምኛቸዋለሁ። ጉልበታቸው አልሆነም። ቁልቁለቱን ወርደው ዳገቱን ሲወጡ ሁለት ቦታ ያርፋሉ። ወጣቱ ወንድሜ፣ ስለ መዋጮው እግዜር ይስጥልን፤ ግን አይቀበሉም። ጠይቄአቸዋለሁ፣ «የሠራሁበትን በልቻለሁ» ነው ያሉኝ።

አያ ወደ ደምቢያ ልጃቸው ዘንድ ይሄዳሉ። ደን ባለሙያው ስለ ኮሶው የጠየቁትን ጠይቄአቸዋለሁ፤ ወንዴው ቁስቋም መውጫ ላይ ነው፣ ቅዳሜ ይዘዋችሁ ይሄዳሉ።

አሁን ዋናው ነገር። አያ ደብተር አላቸው። ሽፋኑ ተገንጥሎ የጠፋ የሒሳብ ደብተር ነው፤ «ሥር ሲይዝ ትከፍለኛለህ» ብለው የሰጡት ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፏል። የሰው ስም አይጽፉም፣ ሰውየውን የሚያውቁበትን ነው የሚጽፉት። ከጎኑ ባዶ ቦታ ይተዋሉ። ሰውየው ተመልሶ ደህና ነው ሲላቸው በቀይ እስክሪብቶ «ጸደቀ» ይላሉ፤ ከሞተ «ደረቀ»። ገንዘቡን ጨርሶ የጻፉበት ገጽ አላየሁም። ትናንት ቁጭ ብለን ቆጠርነው፤ ምንም ያልተጻፈበት 61 መስመር አለ። አያ «ሳልሄድ እነዚህን ባውቅ» አሉኝ። ሌላ የጠየቁኝ ነገር የለም።

ጥቂቱን እንዳለ ልገልብጥላችሁ። «ሐዘንተኛዋ እናት፣ ሮማን 1።» «አዘዞ፣ መሬት የሌላት ልጅ፣ በሶብላ 3 ጤና አዳም 1።» «ሐኪሙ ልጅ፣ ሎሚ 1፣ ማራኪ።» «ፈረንጅ የሚያመጣው፣ ጌሾ 1 ቡና 1።» «ቶሎ ቶሎ የሚያወራው፣ ጽጌረዳ 2 ኮክ 1።» «ወደ ውጭ የሄደችው ሙሽራ፣ ነጭ ጽጌረዳ 1፣ ለእናቷ።» «አስተማሪው፣ የጃን ተከል ልጅ 1፣ ትምህርት ቤት።» የመጨረሻዋ በነፋስ ከተሰበረ የዋርካው ቅርንጫፍ ራሳቸው ያበቀሏት ናት፤ ስለሷ በተለይ ደጋግመው ይጠይቃሉ።

የቀሃ ልጅ ፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡02

ሐዘንተኛዋ እናት የኔ እናት ናት። ሮማኗ ጸድቃለች በያቸው። አይ፣ ራሷ ትነግራቸዋለች፤ አሁን ነገርኳት፣ ነጠላዋን እየፈለገች ነው።

የማራኪው ፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡10

ቶሎ ቶሎ የማወራው እኔ ነኝ። ጽጌረዳዎቹ ጸደቁ፣ ኮኩ ደረቀ። ኮኩን በጥር ነው የተከልኩት፤ ክረምት ጠብቅ ብለውኝ ነበር፣ አልሰማኋቸውም።

የአዘዞዋ ፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ 11፡30

መሬት የሌላት ልጅ። ሁሉም ጸድቋል፣ ዘሩ ዘሩን ወልዷል። ቅዳሜ ሒሳቤን ይዤ እመጣለሁ፤ አልቀበልም ቢሉ እትዬ እጅ ላይ አስቀምጬ እሄዳለሁ።

የፋሲል በር አስጎብኚ ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12፡20

ጌሾውም ቡናውም ጸድቋል። ዋጊኖሱን ደግሞ ደን ባለሙያው ከፈቀዱ ከነአፈሩ ነቅለን ወደ እኔ ግቢ ብናዛውረው ቦታ አለኝ። ጉድጓዱን ነገ እቆፍራለሁ።

ደን ባለሙያ ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12፡50

ትልቁ ሲነቀል ሊሞት ይችላል፤ ሥሩ ላይ ያቆጠቆጡ ትንንሾች ካሉ እነሱን እንውሰድ፣ ዘርም እንልቀም። ጉድጓዱን ግን ቆፍር። የላዩን አፈር ለብቻ፣ የታቹን ለብቻ ክመረው፤ ስትመልስ የላዩ ይቅደም።

ሙሽራዋ ፦ አርብ፣ ከጠዋቱ 12፡05

ወደ ውጭ የሄደችው ሙሽራ እኔ ነኝ። እዚህ አሁን ሌሊት ነው፤ ይህን ሳነብ እንቅልፌ ጠፋ። ነጭ ጽጌረዳዋን በሠርጌ ሳምንት ለእናቴ ገዝቼላት፣ ማለቴ ወስጄላት፣ ከሄድኩ በኋላ በስልክ ባወራን ቁጥር ስለሷ ትነግረኝ ነበር። «ዛሬ ሦስት አወጣች፣ ዛሬ አንዷ ረገፈች።» ሌላ የምናወራው ሲጠፋን ስለሷ እናወራለን። እናቴ አምና አረፈች። ለወንድሜ ደወልኩለት፤ ግቢ ወርዶ በባትሪ አየልኝ። አለች። ጸድቃለች ብለው ይጻፉልኝ። ወንድሜ ከሷ ቆርጦ እንዲተክል ደን ባለሙያው የጻፉትን ልኬለታለሁ።

ሐኪሙ ተጓዥ ፦ አርብ፣ ከጠዋቱ 1፡40

ሐኪሙ ልጅ እኔ ነኝ። ምን ብዬ እንደማስጽፍ አላውቅም። ማራኪ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲው በር ቁልቁል ሦስተኛው ቅያስ፣ ሰማያዊ የብረት በር ነበረ። የአከራዬን ስልክ አጥቼዋለሁ። ሰፈሩ ላይ ያለ ሰው ቢያይልኝ?

የማራኪው ፦ አርብ፣ ከጠዋቱ 1፡48

ሰፈሬ ነው። ከሥራ በኋላ እሄዳለሁ።

ነጋዴው ፦ አርብ፣ ከቀኑ 6፡30

የአቮካዶ ሥር ያልተዳቀለ 40 የሚሆን ከአንድ ወዳጄ አገኘሁ። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት በመኪናዬ አደርሳለሁ። ውሃውንም እኔ እችላለሁ፤ እስከ ግንቦት 30 ያለው ቦቴ በእኔ ነው፣ ለእትዬ አትንገሯቸው።

የማራኪው ፦ አርብ፣ ከምሽቱ 1፡35

ሄድኩ። በሩ አሁን ሰማያዊ አይደለም፣ ቡናማ ተቀብቷል፤ ሁለት ቤት ተሳስቼ ነው ያገኘሁት። እናትየው አሉ፣ ዓይናቸው ትንሽ ደክሟል። «የሐኪሙ ልጅ ሎሚ» ስላቸው ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከማጠቢያው አጠገብ ነው የተከሏት፤ የልብስ እጣቢ እየጠጣች ነው ያደገችው። ከኔ ትበልጣለች። ልቀጥፍ እጄን ስሰድ እሾኋ ወጋኝ፣ ሴትየዋ «ተው፣ እሷን በአንካሴ ነው» ብለው ዘንግ አመጡ። ሰባት ሎሚ ሰጡኝ። «ለልጄ ንገረው፣ ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር አነሳዋለሁ» ብለዋል። ስልካቸውን በግል ልኬልሃለሁ፣ ደውልላቸው።

አምስቱን ለአያ ወሰድኩላቸው። አንዱን በጥፍራቸው ላጥ አድርገው አሸተቱትና ዝም አሉ። ከዚያ ደብተሩን አምጪ አሉ።

የእህት ልጅ ፦ አርብ፣ ከምሽቱ 2፡20

ጻፉት። መነጽራቸው ስላልነበረ መስመሩን በጣቴ አሳየኋቸው።

አሁን የቀረው 55 ነው። አስተማሪው ሆይ፣ የጃን ተከል ልጅ የት ትምህርት ቤት ናት? «የሳሙና በር ባለ ብስክሌት፣ በለስ 2»፣ ማን ነህ? «መንታ የያዘችው፣ ፓፓያ 2»፣ አንቺስ?